ከየሰዉ ድርሻ

ዛሬ ጎንደር በአንድ የእህል ሱቅ ደጃፍ ሳልፍ የጆንያ ሽታ መጣብኝና የዳባቱ የቀበሌ ሱቅ ትዝ አለኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ስኳር የሚገኘው በራሽን ብቻ ነበር። መዛኟ እናቴ ነበረች። ከየሰዉ ድርሻ ትንሽ ትንሽ እያስቀረች በመሐረብ ቋጥራ ቤት ታመጣ ነበር። የጎረቤታችን ልጅ አበባ ለጣፋጩ ሻይ ስትል በየቀኑ ትመጣለች። ከእሷ ሌላ ጓደኛ አልነበረኝም።

በፍልሰታ ጾም ቆርቤ ስወጣ እናቴን ከቅጥሩ ውጭ ብቻዋን ቆማ አገኘኋት።

"እማ፣ አንቺስ አትቆርቢም?"

"በዚህ እጄ? እንዴት ብዬ!"

እጇን አየሁት፤ ምንም ቆሻሻ የለበትም።

በሳምንቱ ከንስሐ አባታችን ዘንድ ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። ቤት የነበረውን ስኳር ወስዳ የሱቁ ጆንያ ውስጥ ገለበጠችው። ከዚያ ወዲያ ሻያችን መራራ ሆነ። አበባ አንዴ ቀምሳ፣ "ውይ! ይሄ መድኃኒት ነው እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ፤ ዳግመኛም አልመጣችም።

ደጃፍ ተቀምጬ አበባን ስጠብቅ እናቴ፣ "ያለን ይበቃናል ልጄ" አለችኝ። ለእኔ ግን አልበቃኝም ነበር።

በዓመቱ እናቴ ቀኖናዋን ፈጽማ ከኋላዬ ተሰልፋ ቆረበች። ሁለታችንም አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ወደ ቤት ተመለስን።

አሁን ከእሷ ርቄ ብቻዬን እኖራለሁ። ብቸኝነቱ ሲከብደኝ የማስበው ያን መንገድ ነው፤ ምንም ሳንነጋገር፣ ምንም ሳይጎድለን የሄድንበትን።