ንድፉ ላይ የሌለችው ሬዚስተር

ሰውየው ጥርስ ሠሪ ነው። ሐኪሙ የድድ ልክ ይወስዳል፤ እሱ ደግሞ ከክሊኒኩ ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ተቀምጦ ሰም ያቀልጣል፣ ይቀርጻል፣ ይሞርዳል፣ ሰው የሚስቅበትን ጥርስ ሠርቶ ያወጣል። እጁ ወርቅ ነው፤ አፉ ግን ማባበል አያውቅም። መስታወት ፊት ቆመው «አሪፍ ሆነልኝ አይደል?» ለሚሉት፣ ካልሆነ «አልሆነም፣ አውልቁትና እንደገና ልሥራው» ይላቸዋል። ደንበኞቹ ይቆጡታል፤ ተመልሰው የሚመጡት ግን እሱው ጋ ነው።

ሃምሳ አምስት ዓመት የሞላው ሰሞን ሴት ልጁ አንድ ካርቶን ይዛለት መጣች። ውስጡ በየከረጢቱ የተቋጠሩ ጥቃቅን ዕቃዎች፣ ባዶ የብረት ሳጥን፣ ወፈር ያለ መመሪያና በስፖንጅ የተጠቀለሉ ሁለት ቫልቮች ነበሩበት፤ ድሮ በትልልቅ ራዲዮኖች ሆድ ውስጥ እንደ ፍም የሚቀሉት የብርጭቆ ቱቦዎች። ተገጣጥሞ ሲያልቅ በሄድፎን ሙዚቃ የሚሰሙበት አምፕሊፋየር ይሆናል።

«አባዬ፣ ጥርስ ብቻ ስትሞርድ አረጀህ እኮ። እስቲ ይህን ደግሞ ሞክረው» አለችው።

እሱ ከኤሌክትሪክ የሚያውቀው አምፖል መቀየር ብቻ ነው። ስለዚህ ጓደኛውን ጠራ። ጓደኛው ራዲዮ ጣቢያ ውስጥ የድምፅ ቴክኒሻን ሆኖ ኖሮ ቀደም ብሎ ጡረታ የወጣ፣ ሰፈሩ በሙሉ «ሞገድ» እያለ የሚጠራው ሰው ነው። ኳስ አብረው ሲያሳድዱ ያደጉ፣ አንዱ ሲያገባ ሌላው ሚዜ የሆነ፣ የልብ ወዳጆች ናቸው። ሞገድ ሚስቱ ከሞተችበት ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ልጆቹም ርቀው ሄደዋል። ጥሪው ሲደርሰው መበየጃውን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከተባለው ሰዓት ቀድሞ ከች አለ።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ከሰዓት የእነሱ ሆነ። የምግብ ጠረጴዛው ላይ አሮጌ አንሶላ ይነጠፋል፤ ዕቃው በየስኒ ማስቀመጫው ይለያል። ሞገድ ከሁሉ አስቀድሞ ያስተማረው መጠንቀቅን ነው። «ይህ ሳጥን ከሶኬት ተነቅሎም ይገድላል። ውስጡ ያደረው ኤሌክትሪክ እስኪወጣ ጠብቅ። ስትነካውም አንደኛው እጅህ ኪስህ ውስጥ ይሁን።» ጥርስ ሠሪውም አንድ እጁን ኪሱ ከቶ፣ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ አድርጎ ይበይዳል። የሱ ብየዳ እንደ ተረገጠ ማስቲካ የተዝረከረከ ነው፤ የሞገድ ግን ድቡልቡል፣ ልስልስ ያለች ጠብታ። የጥርስ ሠሪው ሚስት «ጣውንቴ እንደምን ዋለች?» እያለች ሳጥኑን በእግረ መንገዷ ታሾፍበታለች።

በአራተኛው ቅዳሜ ቫልቮቹ ቀስ ብለው ቀሉ። ጥርስ ሠሪው ሄድፎኑን አጠለቀ። አንዲት ሴት ስትዘፍን፣ ትንፋሿን ስትስብ እንኳ ሰማት። ዐይኑ እንባ አቀረረ። ትንሽ ቆየና ግን ግንባሩን ቋጠረ።

«ቀኙ ደከም ብሏል።»

ሞገድ ሄድፎኑን ተቀብሎ ዐይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ለረጅም ጊዜ አዳመጠ። አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈት አደረገ።

«ምን ይሻለዋል?» አለ ጥርስ ሠሪው። «እንፍታውና እንደገና እንሥራው እንዴ?»

«ልክ ነህ» አለ ሞገድ። «ቀኙ ደክሟል። እንፈታዋለን።»

እንዲህ ተጀመረ። መጀመሪያ የቀኙን ቫልቭ ወደ ግራ አዛወሩ። ቀጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙትን ካፓሲተሮች በተሻሉ ቀየሩ። ከዚያ የድምፅ መጨመሪያው ተራ ደረሰ፤ ከዚያ ቫልቮቹ ራሳቸው። በተቀየረ ቁጥር ለሳምንት የተሻለ ይመስላል፤ በሳምንቱ ቀኙ ያው ነው። ጥርስ ሠሪው «ጥፋቱ የሄድፎኑ ቢሆንስ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ «ፈትሼዋለሁ፣ ጤነኛ ነው» አለው ሞገድ። ይህችኛዋ እንኳ እውነት ነበረች። ሚስቱ «ቴሌቪዥኑን ምነው እንዲህ አስጮኽከው?» ማለት ጀምራለች፤ እሱ ግን አሳቡ ሁሉ ሳጥኑ ላይ ነው። ዓመት ከመንፈቅ በዚህ አለፈ።

አንድ ቅዳሜ ሞገድ «ይህችን እኔ ልጨርሳት፤ አንተ ሻይ አፍላ» አለው። ሻዩን ይዞ ሲመለስ ሳጥኑ ተከድኗል። አዳመጠ። ቀኝና ግራው እኩል! ከደስታው ብዛት ሞገድን ግንባሩን ስሞ «አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?» አለው። ሞገድ አቀርቅሮ ሻዩን ማማሰል ያዘ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ልትጠይቃቸው መጣች። አባቷ እየተኩራራ ሄድፎኑን አጠለቀላት። ወዲያው ከጆሮዋ ፈንጠር አደረገችው።

«አባዬ! ቀኙ ታምቡሬን ሊበሳው ነው እኮ!»

«እንዴ፣ ገና አሁን ተስተካክሎ?»

ልጅቷ ሄድፎኑን ገልብጣ፣ የቀኙን በግራ ጆሮዋ አድርጋ ሰማች። «አሁን ደግሞ ጩኸቱ ወደ ግራ መጣ። እስቲ አንተም ገልብጠህ ስማው።»

ገለበጠው። ግራ ጆሮው ላይ ድምፁ አንባረቀ። ቀኙ ላይ ግን ዘፋኟ ከግድግዳ ወዲያ እንዳለች ጎረቤት ሆነችበት። ክው አለ።

ሶኬቱን ነቀለ። እንደተማረው ኤሌክትሪኩ እስኪወጣ ጠበቀ። ክዳኑን ፈትቶ፣ የመመሪያውን ንድፍ አጠገቡ ዘርግቶ፣ ጥርስ በጥርስ እንደሚያመሳክረው ሁሉ እያንዳንዷን ዕቃ በጣቱ ተከተለ። በግራው መስመር ላይ የገብስ ፍሬ የምታክል፣ ኤሌክትሪክ የምትገታ ሬዚስተር አገኘ። ንድፉ ላይ የለችም። ግራውን ለማዳከም የገባች ናት። ብየዳዋ ድቡልቡል፣ ልስልስ ያለ ነው።

«ምን ሆንክ አባዬ?»

«ምንም» አለ። ሬዚስተሯን ነቅሎ ሸሚዝ ኪሱ ከተታት።

ሰኞ ልጁ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ወሰደችው። ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ረጋ ብላ ነገረችው። ከታምቡሩ ጀርባ ቆዳ መሰል ነገር ቀስ እያለ አድጎ፣ ድምፅ የሚያስተላልፉትን ጥቃቅን አጥንቶች በልቷቸዋል። «ቀዶ ሕክምናው እንዳይስፋፋ ያደርገዋል» አለችው። «የተበላውን ግን ልመልስልዎት አልችልም። ከዓመት በፊት መጥተው ቢሆን አብዛኛው መስማትዎ ይተርፍ ነበር።»

ከዚያ በቀጥታ ሞገድ ቤት ሄደ። ሬዚስተሯን ጠረጴዛው ላይ አኖራት። ሞገድ አያትና ተቀመጠ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅከው?»

«ከመጀመሪያው ቀን» አለ ሞገድ። «አምፕሊፋየሩ ምንም አልነበረበትም።»

«ታዲያ ምላስ አልነበረህም?»

«ልነግርህ ነበር። አንተ ‹እንፍታው› ስትል ግን ደስ አለኝ። እንደገና ልመጣ ነው ማለት ነው አልኩ። በሳምንቱ እነግረዋለሁ፣ በሳምንቱ እነግረዋለሁ ስል ሰነበትኩ። በኋላማ ከምን ልጀምር? እርጅና መስሎኝ ነበር እኮ፤ ሁላችንም መደንቆራችን አይቀርም ብዬ። በሽታ መሆኑን በምን ልወቅ?»

«በምን እንደምታውቅማ እኔ ልንገርህ። ሐኪም ዘንድ ሂድ ብትለኝ ታውቅ ነበር። ሥራህ ሁሉ ጆሮ ነበር። ጆሮዬን ያመንኩት ላንተ ነው። አንተ ደግሞ ውሸትህን በየድኸው፤ እኔም ግንባርህን ሳምኩህ።»

ሞገድ ሁለት እጁን ጭኖቹ መካከል ከተተ። ጥርስ ሠሪው በሩን ሳይዘጋው ወጣ።

ቤት ደርሶ ሲናገር ሚስቱ አለቀሰች። ትንሽ ቆይታ ግን «ሰው የለውም እኮ፤ ብቸኝነቱ ነው እንዲህ ያደረገው» አለች።

«እኔስ ማን ነበረኝ?» አላት። «ከሱ በቀር ቅዳሜዬን የሰጠሁት ሰው አለ?»

ቀዶ ሕክምናው ደህና አለፈ። በሦስተኛው ቀን ሞገድ ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል መጣ። ጥርስ ሠሪው ቀኝ ጆሮው በፋሻ ታስሮ፣ በግራ ጎኑ ተኝቷል። መግባቱን በዐይኑ ጠርዝ አየው፤ ቀና አላለም። የሚሰማበትን ጆሮ ትራሱ ላይ አጥብቆ ተጫነው። የሞገድ ከንፈር ሲንቀሳቀስ፣ ዐይኑን በመዳፉ ሲጠርግ አየ፤ ቃሉ ግን አልደረሰውም። አጠገቡ የነበረችው ሚስቱ በኋላ ልትነግረው ስትጀምር «ተይው» አላት። ምን እንዳለ እስከ ዛሬ አያውቅም።

አምፕሊፋየሩ አሁን ንድፉ እንደሚለው ሆኖ ተቀምጧል። ያን ሁሉ ጊዜ በተሻለ ዕቃ ሲቀየር ስለኖረ፣ ልጁ እንደምትለው፣ የሚያስቀና ድምፅ አለው። እሱ በግራ ጆሮው ይሰማዋል፤ በቀኙ በኩል የሚደርሰው እንደ ሩቅ ዝናብ ነው። ሁለቱ ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ እጅ ይነሣሣሉ፤ አይቆሙም። ሚስቱ አልጨከነችም፤ አልፎ አልፎ ሞገድን ምሳ ትጠራዋለች። የምትጠራው ታዲያ ባሏ ክሊኒክ በሚውልበት ቀን ነው፤ እሱም ያውቃል፣ ነገር ግን አንድም ቀን አላነሣባትም።