በሁዳዴ የሚወራ ካሴት

ልጅ ሳለሁ ጃዝን ያወቅኩት በወሬ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። አባቴ መኮንን ቡሬ ላይ ወፍጮ ቤት ነበረው፤ ከዚያ በፊት ግን በወታደር ባንድ ውስጥ ሳክስፎን ይነፋ ነበር። አመሻሽ ላይ ወፍጮው ሲዘጋ ሁለት ወዳጆቹ ቤታችን ይመጣሉ፤ አንዱ እኩያው ልብስ ሰፊው ጋሽ ይርጋ፣ ሌላው በዕድሜ የሚያንሳቸው የጂኦግራፊ መምህሩ አለሙ። ክራርን ከሳክስፎን፣ ማሲንቆን ከቤዝ ጊታር ያጋቡ ካሴቶች እየሰሙ ይከራከራሉ። ለጋሽ ይርጋ ኤሌክትሪክ የነካው ነገር ሁሉ ለዛ ቢስ ነው፤ መምህሩ ደግሞ የባቲን ቅኝት በፒያኖ ያልሰማ ሰው ባቲን ሰማሁ አይበል ባይ ነው። ነገሩ ሲከርባቸው ሁለቱም ወደ አባቴ ይዞራሉ፤ እሱ ከፈረደ አለቀ።

ሁዳዴ ሲገባ ቴፑ ጨርቅ ይለብሳል። በጾም ቤታችን ውስጥ ዘፈን አይከፈትም፣ ማንጎራጎርም ነውር ነው። ሰዎቹ ግን መምጣታቸውን አይተዉም፤ ቆሎ ቀርቦ፣ የከሰሉ ፍም እፍ እየተባለ፣ ካሴቱን በአፍ ያወሩታል። ያኔ አባቴ አንዱን ካሴት ከዳር እስከ ዳር እንደ ተረት ይተርከው ነበር። ክራሩ ብቻውን ይመጣና ደጅ እንደሚጠና ሰው ቆሞ ይጠብቃል፣ ሳክስፎኑ አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል፣ ኋላ ፒያኖው መሀላቸው ገብቶ ያስታርቃቸዋል። የሌላ ቤት ልጆች የጅብና የአህያ ተረት ሲሰሙ እኔ በዚህ ነው ያደግኩት።

አንድ ዓመት፣ ጾሙ ገና እንደገባ፣ ከሰዓት በኋላ ምሳውን ይዤለት ወፍጮ ቤት ሄድኩ። መብራት ሄዶ ወፍጮው ጸጥ ብሏል። ጀርባውን ሰጥቶ ዱቄት ይጠርጋል። «አባ» አልኩት፤ ዝም። ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ አሁንም ዝም። እጅጌውን ስነካው ክው ብሎ ዞረ፤ ፊቱን ሳይ ጆሮው እንደማይሰማ ገባኝ። ምሳውን ተቀብሎኝ ተቀመጠ። ወፍጮ ቤት ሁሉም ስለሚጮህ ማን ልብ ይበል? እናቴ እንኳ ስትጠራው ዝም ሲላት «ጆሮ ዳባ ልበስ ይለኛል» እያለች ታማርር ነበር።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ማታ መብራት ከጠፋ አባቴ ፋኖሱን አንስቶ እንግዶቹ ፊት ለፊት ያስቀምጠዋል፤ እነሱ ለክብራቸው ይመስላቸዋል፣ አፋቸውን እንደሚያይ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ጋሽ ይርጋ ጎንበስ ብሎ ፍሙን እየቆሰቆሰ ካወራ ቶሎ ብዬ መቆስቆሻውን እቀበለዋለሁ፣ እሱም ተባረኪ ይለኛል። በዚህ መሀል መምህሩ አዲስ አበባ ደርሶ መጣና ላስቲኩ ያልተቀደደ አዲስ ካሴት ይዞ ከች አለ። ለፋሲካ እንከፍተዋለን፣ ፍርዱንም ከጋሽ መኮንን እንሰማለን ብሎ ለአባቴ አስረከበው። አባቴ ካሴቱን አገላብጦ አየና ሳቀ፤ ሳቁ ደስ አላለኝም። ልጅ ሁሉ ዶሮ እየናፈቀ ቀን ሲቆጥር እኔ ጾሙ ባያልቅ እል ነበር። የፋሲካ ዕለት መብራት እንድታጠፋልኝ ለማርያም ጧፍ ተሳልኩ። በዓመቱ ውስጥ መብራት ቀኑን ሙሉ ያልጠፋበት ቀን ቢኖር ያ ፋሲካ ነው።

ከምሳ በኋላ ቴፑ ተገለጠ፣ ካሴቱ ገባ። ሁለቱ አንገታቸውን ደፍተው ሲያዳምጡ አባቴ የሚያነበው ፊት አጣ፤ የሚዞረውን ክር ብቻ ያያል። እጄን ጉልበቶቼ መሀል ወትፌ ተቀመጥኩ። ግሩም ነው ብሎ ቢዋሽ ቆይቶ መጋለጡ አይቀርም፤ እውነቱን ቢናገር ደግሞ ነገ ማን ፍርድ ይጠይቀዋል? አንዱ ገጽ አለቀ።

«እንዴት አገኙት፣ ጋሽ መኮንን?» አለ መምህሩ።

አባቴ ጉልበቱን አሻሸ። «አልሰማሁትም» አለ። «ጆሮዬ ከሄደ ሰነበተ። አፋችሁን እያየሁ ነው የማወራችሁ።»

ጋሽ ይርጋ፣ ያ ሁሉን ነቃፊ ሰውዬ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። እኔ ልቅሶዬን ለቀቅሁት። አባቴ አየኝ።

«አንቺ ታውቂ ኖሯል» አለኝ። «በይ ነይ፣ ፊት ለፊቴ ተቀመጪና ንገሪኝ። መጀመሪያ ማን ገባ?»

እንባዬን እየዋጥኩ ማሲንቆው አልኩት። ጋሽ ይርጋ የለም ዋሽንት ነው ብሎ አረመኝ፣ መምህሩ እሱን አረመው፣ ጭቅጭቁ ተጀመረ። የአባቴ ዓይን ከአንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ ሲሯሯጥ አየሁ፤ ቀስ በሉ፣ በተራ አላቸው። ከዚያ ከበሮውስ ምን ሠራ ብሎ ጠየቀን። ከበሮውን ማናችንም ልብ አላልነውም ነበር። ካሴቱ እንደገና ወደ ኋላ ተጠነጠነ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ ካሴት በመጣ ቁጥር ነጋሪው እኔ ሆንኩ፤ አባቴ እስኪያርፍ ድረስ። ዛሬ ሙዚቃ የምሰማው በስልኬ ነው፣ ሰው ለመዝናናት የሚሰማውን እኔ በጭንቅ እሰማዋለሁ። ያመለጠኝ ነገር ያለ ይመስለኝና ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ፣ ደግሞም እመልሰዋለሁ። ሁሉንም ልቅም አድርጌ ይዤ ስጨርስ ነው የምነግረው ሰው እንደሌለ ትዝ የሚለኝ።