ፊት ለፊት የቀዘፍን ዕለት

ለታላቅ ሰው ጀርባ አይሰጥም። ለልጆቼ ከነገርኳቸው ሁሉ አብዝቼ የነገርኳቸው ይህን ነው። ሽማግሌ ከተቀመጠበት ክፍል ሲወጡ እንኳ ፊታቸውን ወደ እሱ አድርገው ወደ ኋላቸው እየተራመዱ ነው የሚወጡት። ትንሹ ልጄ በዚህ ምክንያት የውሃ በርሜል ላይ ወድቆ ያውቃል። መውደቅ ያማል፤ መናቅ ግን ይብሳል ብዬ አጽናናሁት። በዚህ ሕግ ላይ ጥያቄ ያነሳ ሰው አልነበረም፤ ጀልባ እስኪመጣ ድረስ።

መካከለኛዋ ልጄ ነርስ ናት። ከደቡብ የመጣ፣ ሐይቅ ዳር ያደገ፣ እዚህ ደብረ ታቦር የሚያስተምር አንድ መምህር ሊያገባት ሽማግሌ ላከብኝ። ሽማግሌዎቹን በወጉ ተቀብዬ ሸኘኋቸው፤ መልሱን ግን አቆየሁት። እኔ ወፍጮ ቤት ያለኝ ሰው ነኝ። ሞተሩንም ማንበቡንም ማንም ሳያስተምረኝ በራሴ ነው የለመድኩት፤ ስለዚህ ውስጡን ሳላይ የማምነው ነገር የለም። ልጄ መልሱን አልጠየቀችኝም። ዝም ብላ ወጤ ላይ ጨው ታበዛ ጀመር።

ሰውየው በዕረፍቱ ቀን ምን እንደሚሠራ ጠየቅኳት። ወንዝ ላይ ጀልባ ይቀዝፋል አለችኝ። ዓሣ ያወጣል? አያወጣም። ሰው ያሻግራል? አያሻግርም። ታዲያ የት ይሄዳል ብላት፣ ሄዶ ይመለሳል አለችኝ። ጢም ያወጣ ሰው ለምንም ሳይሆን ውሃ ላይ ሄዶ ይመለሳል ማለት ለእኔ ከባድ ነገር ነው። በዓይኔ ካላየሁ መልስ የለም አልኩ።

በጥቅምት፣ የክረምቱ ጎርፍ ሲሰክን፣ ሦስታችን ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ ወረድን። ፍል ውሃው ዘንድ ሰው ለጉልበቱና ለወገቡ ይታጠባል፤ ከዚያ ጥቂት ዝቅ ብሎ የጉማራ ወንዝ ረጋ ብሎ የሚተኛበት ቦታ አለ። መምህሩ ከጀርባው ሻንጣ አወረደ፤ ከሻንጣው የታጠፈ ላስቲክ አወጣ፤ በእግር በሚረገጥ መንፊያ ነፋው። ሲያልቅ ሁለት ሰው የሚይዝ ቀጭን ጀልባ ሆነ። እንጨት የለው፣ ብረት የለው። ለእኔም ከሰመጡ የሚያንሳፍፍ ብርቱካናማ ሰደርያ በጋቢዬ ላይ ደርቦ አለበሰኝ። ማሰሪያው ሲቆለፍ ልጄ ፊቷን አዞረች፤ ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከዚያ ችግር መጣ። ሁለቱ መቀመጫዎች የሚያዩት ወደ አንድ ወገን ነው። እኔ ከፊት ብቀመጥ ለእንግዳዬ ጀርባ ልሰጥ ነው፤ እሱ ከፊት ቢቀመጥ ለእኔ ሊሰጠኝ ነው። ሁለቱም ነውር ነው። መቀመጫው ተነቃይ መሆኑን አየሁና ፊት ለፊት ይሁን ብዬ ፈረድኩ። መምህሩ እንዲህ ከሆነ ጀልባው አይሄድም ብሎ ጀመረ። ጀልባ የሚሄደው በቀዛፊው እንጂ በመቀመጫው አይደለም አልኩት። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጀመረ። ያን ጊዜ ዓይን ዓይኑን አየሁት። ያ አስተያየቴ ወፍጮ ቤት ውስጥ ወረፋ ያስከብራል። መቀመጫውን አዞረው።

ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ቀዘፍን። እኔ ወደ እኔ ሳብኩ፣ እሱ ወደ እሱ ሳበ። ጀልባው ትንሽ አሰበና መሽከርከር ጀመረ። በርታ አልኩት፤ በረታ። እኔም በረታሁ። ፍል ውሃውን አየሁ፣ የሐሙሲትን መንገድ አየሁ፣ ልጄን አየሁ፣ እንደገና ፍል ውሃውን አየሁ። ላቤ ወረደ።

ዳር ላይ ታጥባ ወጥታ ፀጉሯን የምታደርቅ አንዲት አሮጊት ነበረች።

“እናንተ ሰዎች” አለች፣ “አንዳችሁ ወደ ጣና፣ አንዳችሁ ወደ ደብረ ታቦር፤ ማን ማንን እየሸኘ ነው?”

ከእሷ አጠገብ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችም ሥራቸውን ትተው ለመመልከት ተቀመጡ። ያኔ ገባኝ። ሁለት በሬ ግንባር ለግንባር ጠምጄ ነበር። መቅዘፊያዬን ጭኔ ላይ አሳረፍኩ።

“ይህ ነገር እንደማይሄድ ታውቅ ነበር?” አልኩት።

“አዎ፣ አባባ።”

“ታዲያ ለምን አልተናገርክም?”

“ሁለት ጊዜ ተናግሬያለሁ። በሦስተኛው ልጅዎን የሚሰጡኝ አልመሰለኝም።”

እውነቱን ነው፤ ተናግሯል። ነገሩ ግን አሳሰበኝ። ሰው ፈርቶ ለስሕተት በሙሉ ጉልበቱ ከቀዘፈ፣ ትዳር ሲይዝስ? ልጄ እንዲህ ብታዝህም ቁጭ ብለህ ትሽከረከራለህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት።

ዳር የቆመችውን ልጄን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። ስትሳሳት እንደሚጨቃጨቃት ነገረኝ። ሰሞኑንም የአባትሽን ወጥ ጨው አታብዢበት ብሏት ተኳርፈዋል።

“ምን አለችህ?”

“አንተ ለማትበላው ምን አገባህ አለችኝ።”

በሌለሁበት ስለ ምላሴ የተሟገተልኝ ሰው ያ የመጀመሪያው ነው። የገዛ ወንዶች ልጆቼ እንኳ ዝም ብለው ውሃ ነበር የሚጠጡት። መቀመጫዬን አዙረው አልኩት።

ለመዞር ስነሳ ጀልባው አልወደደውም። በእጄና በጉልበቴ ተንፏቀቅኩ፤ የጋቢዬ ጫፍ ውሃ ጠጣ፤ አሮጊቷ የቅዱሳንን ስም በተራ ጠራች። በመጨረሻ ተቀመጥኩና ለእንግዳዬ ሙሉ ጀርባዬን ሰጠሁት።

ጀልባው ሄደ።

እኔ ዕድሜዬን በሞተር ጩኸት ውስጥ ያሳለፍኩ ሰው ነኝ፤ የሚሠራ ነገር ሁሉ የሚጮህ ይመስለኝ ነበር። ይህ ግን ሳይጮህ ይሠራል። መቅዘፊያው ሲገባ ቦጭ ይላል፣ ከዚያ ዝም። የሾላው ጥላ በላያችን አለፈ። አንዲት ሰማያዊ ወፍ ከቅርንጫፍ ወርዳ ከፊት ከፊታችን በረረች። የፎገራ ላሞች ውሃው ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ቆመው እንደ ዳኛ አዩን። መምህሩ ከኋላዬ ግራ ሲለኝ በግራ፣ ቀኝ ሲለኝ በቀኝ እቀዝፋለሁ። ጀርባ መስጠት አንድ ጥቅም እንዳለውም ያኔ አወቅኩ፤ ከኋላ ያለው ሰው ፊትህን አያይም። ስለዚህ እስከ ወንዙ መታጠፊያ ድረስ ጥርሴን ሳልከድን ሳቅኩ። ላሞቹ ቢያዩኝም ለማን ይናገራሉ።

ልጆቻችንን ሥራ እናስተምራለን፤ ደግ ነው። ለምንም ሳይሆን ሄዶ መመለስን ግን አናስተምራቸውም፤ እኛም አናውቀውም።

ስንመለስ፣ ሳልዞር፣ ሽማግሌዎቹን እሁድ እንዲልካቸው ነገርኩት። ከኋላዬ መቅዘፊያው ቆመ። ዞሬ ላየው ፈለግኩ፤ የጀልባውን ጠባይ ግን አውቄዋለሁ። አፍንጫውን ሲስብ ብቻ ሰማሁ። የሚመራን ስለጠፋ መምራቱን እኔ ያዝኩትና ጀልባውን በቀኝ አጥፌ ዳር የበቀለ ደንገል ውስጥ ሰካሁት።

ልጄ በጭቃው እየሮጠች መጣች። መምህሩ ዓይኑን በክንዱ ሲጠርግ አይታ ፊቷ ተለወጠ።

“እምቢ አሉህ?” አለችው።

እሱ በመቅዘፊያው ወደ እኔ አመለከተ።

“እሺ ብያለሁ” አልኳት ከደንገሉ ውስጥ። “አሁን ጎትታችሁ አውጡኝ።”