ከወንዶቹ ጋር በምርኩዝ

በምርኩዝ ዝላይ ከዞናችን ሴቶች የመጀመሪያዋ ሻምፒዮን እኔ ነኝ። ይህን ስናገር አላፍርም፤ ለፍቼ ያገኘሁት ነው።

መርሳ ሁለተኛ ደረጃ ስማር የስፖርት መምህራችን ዝላዩን ሰሌዳ ላይ ሥሎ አሳየን። ትምህርት ቤቱ ምርኩዝም ፍራሽም አልነበረውም። እኔ ግን ወዲያው ገባኝ። ማሳችንን መስኖ ሳጠጣ ቦዩን የምሻገረው የአካፋዬን እጀታ ተክዬ፣ በእሱ ላይ ተንጠልጥዬ ነበርና።

ማታውኑ አባቴን፣ «አባ፣ ረጅም ቀርከሃ ይፈልጉልኝ» አልኳቸው።

«ለምንሽ?»

«ልዘልበት።»

«ብትወድቂስ?»

«እነሣለሁ።»

«ኢንሻአላህ በይ እንጂ!» ብለው ሳቁ። በሳምንቱ ከውርጌሳ አንድ ቀርከሃ በአይሱዙ አስጭነው መጡ። ከመምህሬ ጋር ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የጤፍ ገለባ ጠቅጥቀን መውደቂያ ሠራንና ልምምዱን ጀመርኩ።

ወልድያ ለዞኑ ውድድር ስንሄድ መዝጋቢው ወረቀቱን አገላበጠና፣ «ከሴቶች የመጣሽው አንቺ ብቻ ነሽ። ለብቻ ውድድር የለም» አለኝ።

«ከወንዶቹ ጋር ልዝለላ!»

«ነጥብ አይያዝልሽም።»

«አይያዝ፤ ብቻ ልዝለል።»

መምህሬም ለመነልኝ፤ ተፈቀደ። በመጀመሪያው ሙከራ ከጉጉቴ ብዛት ምርኩዙን በጣም ከላይ ጨበጥኩት። መሀል ላይ ቀጥ ብሎ ቆመና ወደ ኋላ ጣለኝ። ክርኔ ተላጠ፤ ተመልካቹ ሳቀ። አቧራዬን አራግፌ ተመለስኩ፤ እጄንም አንድ ስንዝር ዝቅ አደረግኩ። በሁለተኛው ከላይ የተጋደመውን ዘንግ ሳልነካው አለፍኩ። የሳቀው ሁሉ አጨበጨበ። መጨረሻ ላይ የበለጡኝ ሁለት ወንዶች ብቻ ነበሩ። ሜዳሊያ አላገኘሁም፤ መዝጋቢው ግን ራሱ መጥቶ፣ «ለከርሞ ሌሎች ሴቶች ይዘሽ ነይ፤ ውድድሩን እንከፍታለን» አለኝ።

ዓመቱን ሙሉ ሦስት ልጃገረዶች ገለባው ላይ አለማመድኩ። አንዷ ከሐራ ድረስ እየመጣች ነበር የምትለማመደው። ውድድሩ ሲከፈት እስከ መጨረሻው ዘንግ የተናነቀችኝም እሷው ናት። ያወቅሁትን ሁሉ ስላስተማርኳት፣ ያን ቀን እሷን ማሸነፍ ከወንዶቹ ጋር ከመዝለል ይልቅ ከበደኝ። በሦስተኛው ሙከራዬ ዘንጉ ተንቀጠቀጠ፤ ግን አልወደቀም። እሷ ጣለችው። መጀመሪያ አቅፋ የሳመችኝም እሷ ነበረች።

አባቴ መርሳ መናኸሪያ ጠበቁኝ። ሜዳሊያውን አገላብጠው አዩና፣ «ዘንድሮስ ስንት ወንድ በለጥሽ?» አሉኝ።

«ዘንድሮ ሴቶችን ነው፣ አባ።»

«እነሱማ ይከብዳሉ» አሉና ቦርሳዬን ተቀብለውኝ ወደ ቤት መራመድ ጀመሩ።