መከታ ሲጠራ

በእንስሳት ጤና ረዳትነት ሥራ የጀመርኩት ዘመሮ በምትባል ትንሽ ከተማ ነው። የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ውሾችን የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት መከተብ ነበር። ኃላፊዬ አቶ ጌጡ የክትባቱን ሳጥን አሸክመውኝ፣ «ባለቤቱ ይጠራል፣ ውሻው ይመጣል፣ አንተ ትወጋለህ» አሉኝ።

ባለቤቶቹ ጠሩ። ውሾቹ ሸሹ። ቀኑን ሙሉ ሁለት ከተብን፤ አንዱ የታሰረ፣ ሌላው መሮጥ የማይችል ሽማግሌ ነበር። አቶ ጌጡ ሪፖርቱ ላይ «ውሾቹ አልተባበሩም» ብለው ጻፉ።

በሳምንቱ ቀየት ከምትባል መንደር አጠገብ በግ የሚያረቡ ወይዘሮ አስካለ የሚባሉ እናት ቤት ደረስኩ። «መከታ! ና!» አሉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ቡላ ውሻ ከበጎቹ መሐል ተነሥቶ እየበረረ መጣ። የገብስ ቂጣ ቆርሰው ሰጡት።

«እንዴት አስተማሩት እማማ?»

«ቡችላ እያለ ከሁለት እርምጃ ጠርቼ ቂጣ ሰጠሁት። ቀጥሎ ከአጥር፣ ኋላ ከማዶ። ጠርቼው መጥቶ መትቼው አላውቅም።»

«ቢዘገይስ?»

«ቢዘገይም መጣ አይደል?»

ይህን እየሰማሁ አንገቱን ይዤ ወጋሁት። ጮኾ ሸሸ። እኔ በቅልጥፍናዬ ኮራሁ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ያበደ ውሻ የበጎቻቸው መንጋ ውስጥ ገባ። ወይዘሮ አስካለ መከታን ከእሱ ሊያርቁት ወደ ራሳቸው ጠሩት። ዞር ብሎ አያቸውና ቆመ። ደግመው ጠሩት፤ አልመጣም። ያበደው ውሻ ትከሻውን ነከሰው።

ተጠርቼ ስደርስ ጎረቤቶች ያበደውን ገድለውታል። ጓንት አጥልቄ የመከታን ቁስል በሳሙናና በውሃ አጠብኩ፣ ክትባቱን ደገምኩ፣ በሽታው እንዳልያዘው እስኪረጋገጥ ለብቻው እንዲታሰር አዘዝኩ። በጤና ሲፈታ ወይዘሮ አስካለ እንዲህ አሉኝ፦

«መርፌህ አተረፈው። ከዚያች ቀን ወዲህ ግን ስጠራው ይፈራል። ድምፄን አበላሽተህብኛልና መልስልኝ።»

አፈርኩ። በየቅዳሜው ያለ ሳጥን መሄድ ጀመርኩ። አቶ ጌጡ ወዴት እንደምመላለስ ጠየቁኝ።

«ውሻ ይቅርታ ልጠይቅ።»

«በደብዳቤ አይሆንም?»

ወይዘሮ አስካለ ከሁለት እርምጃ ይጠራሉ፤ እኔ እጄን አጣምሬ እቆማለሁ። በመጀመሪያው ቅዳሜ ከነጭራሹ አልቀረበንም። በአራተኛው ቂጣውን ነጥቆ ሸሸ። በሰባተኛው ከማዶ ሲጠሩት እየበረረ መጣ። እሳቸው ቂጣውን ለእኔ አቀበሉኝ። መከታ አሽትቶኝ፣ ትንሽ አስቦ፣ ከእጄ በላ።

ከዚያ ወዲህ እስከ ጡረታዬ ድረስ ማንንም ውሻህን ለመርፌ ጥራልኝ ብዬ አላውቅም። ውሻው የተኛበት ድረስ እሄዳለሁ፤ ባለቤቱ ይይዘዋል፣ እወጋለሁ። ጊዜ ይፈጃል። ሲጠራ መጥቶ የተጎዳ ውሻ በሌላ ቀን አይመጣም፤ መምጣቱ ለሕይወቱ የሚያስፈልገው ደግሞ ያን ቀን ሊሆን ይችላል።