የችሎቱ በር ወንበር

አባቴ አናጢ ነው። በሚሠራበት ፋብሪካ መከለያ የሌለው መጋዝ የቀኝ እጁን አራት ጣቶች ቆረጠበት። ካሳ ሲጠይቅ የፋብሪካው ባለቤቶች «ጥፋቱ የራስህ ነው» አሉት፤ ከሰሳቸው።

ሁለት ዓመት እግራችን እስኪቀጥን ተመላለስን። ዳኛው ሲመጡ የፋብሪካው ጠበቃ ይቀራል፤ ጠበቃው ሲመጣ መዝገቡ ይጠፋል። የምንጠብቅበት የችሎት በር ላይ አንድ እግሩ የላላ አግዳሚ ወንበር ነበር፤ ሰው በተቀመጠበት ቁጥር ይንገዳገዳል። አባቴ ደግሞ የተበላሸ እንጨት ሲያይ አያስችለውም። አንድ ቀን መዶሻና ሽብልቅ ይዞ መጣ። ድሮ በአምስት ደቂቃ የሚጨርሰውን ሥራ፣ ሽብልቁን በጉልበቱ ደግፎ በግራ እጁ እየመታ፣ ላብ በላብ ሆኖ ግማሽ ቀን ፈጀበት። ባለጉዳዩ ሁሉ «እጅህ ይባረክ!» አለው። የፋብሪካው ጠበቃ እንኳ ቆሞ አይቶ «ጎበዝ ነዎት፣ አባባ» ብሎት አለፈ። ደስ አለው፣ የኔ ሞኝ!

በቀጠሮው ቀን ያው ጠበቃ ተነሣ።

«ክቡር ፍርድ ቤት፣ ከሳሽ መሥራት አልችልም ይላሉ። በር ላይ ያለውን ወንበር ማን እንደጠገነው ይጠየቁልኝ።»

ዳኛው ጠየቁት። አባቴ መዋሸት አያውቅም። ይባስ ብሎ ደረቱን ነፍቶ «እኔ ነኝ!» አለ።

«መሥራት ይችላል» ተባለና ካሳው ቀረ።

ስንወጣ ጠበቃው እዚያው ወንበር ላይ ተዘርፍጦ በስልክ ይስቃል። እኔ ቶሎ እንሂድ ብዬ አባቴን ጎተትኩት። እሱ ግን ጎንበስ ብሎ የወንበሩን እግር አየና፣ «ጥሩ ይዟል» አለኝ።