የጭቃ ፊደል

ባለፈው ክረምት ባለቤቴ ለመምህራን የክረምት ትምህርት ባሕር ዳር ስትሄድ፣ እኔ ሰቆጣ ላይ ከሁለት ሴት ልጆቻችን ጋር ብቻዬን ቀረሁ። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ ዝናቡም ከቤት አያስወጣም። «አባዬ፣ ምን እንሥራ?» ሲሉኝ የምመልሰው አልቆብኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከጓሮ አፈር ቆፍሬ አመጣሁና በውሃ አቡክቼ፣ «በሉ፣ በዚህ ጭቃ ፊደል ሥሩ» አልኳቸው። ትልቋ ሀ ሁ ሂ እያለች ጣውላ ላይ ትደረድር ጀመር። የአምስት ዓመቷ ታናሿ ግን የተጋደመ ሰው ሠራች።

«ይሄ ማን ነው?» አልኳት።

«አንተ ነሃ! ደክሞህ ነው።»

ድካሜን የደበቅኳቸው ይመስለኝ ነበር። አፈርኩ። አብሬያቸው ልሠራ ቁጭ ብዬ ወደ ጭቃው እጄን ስዘረጋ፣ ትልቋ ከለከለችኝ።

«አንተ ተኛ፤ እኛ እንሠራለን» አለች።

መደቡ ላይ ጋደም አልኩ። ሲንሾካሾኩ እየሰማሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ ፊደሉ ለ ሉ ላይ ደርሷል፤ ልጆቹም እስከ ክርናቸው ጭቃ ሆነዋል። ቀስ ብዬ ተነሣሁና የሚታጠቡበት ውሃ ጣድኩላቸው።